ከኮዬ ፈጬ ወደ በርሊን፦ ለቡርሌስክ መድረክ የሚሆን የውስጥ ልብስ እዚሁ ማሰፋት

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት ወር በኋላ ለትምህርት ወደ በርሊን እሄዳለሁ። እዚያ ከትምህርቱ ጎን ቡርሌስክ (በሙዚቃ እየጨፈሩ ልብስን አንድ በአንድ የማውለቅ የመድረክ ትርኢት) መማርና ውሎ አድሮ መድረክ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ ሦስት ነው። ኮርሴት (ወገብን በገመድ አጥብቆ የሚይዝ ልብስ)፣ ጡት ማስያዣና የስቶኪንግ ማያዣ ቀበቶ እዚህ ከተማ ዳር ባሉ ልብስ ሰፊዎች ማሰፋት ያዋጣል ወይስ እዚያ ልግዛ? ከመርካቶ ምን ይገኛል፣ ምን አይገኝም? ጀማሪ ወደ ሙያው የሚገባውስ በየት በኩል ነው? ለማስላት ይጠቅማችሁ እንደሆነ ልኬቴ ወገብ 72፣ ከጡት ሥር 77፣ ጡት ላይ 94፣ ዳሌ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። የምታውቁትን ንገሩኝ፤ በተለይ የት ላይ እንደሚበላሽ።

ልብስ ሰፊው፣ ከለገጣፎ

እህቴ፣ አሰፊው። የመድረክ የውስጥ ልብስ ሁለት ሥራ አለበት። ለብሰሽው ሳለ ሰውነትሽን አጥብቆ መያዝ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ በአንድ እጅ፣ ሳይታገልሽ መለቀቅ። የሱቅ ልብስ የተሠራው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ከሱቅ የገዛ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ መንጠቆ አስቀይሩልኝ፣ ማንገቻ አስፈቱልኝ እያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ መምጣቱ ስለማይቀር ከመጀመሪያው ታስቦበት ቢሰፋ ይሻላል።

ኮርሴቱን በቁጥር እንጀምር፤ ሥራው የሚበላሸው ከመቀስ በፊት ሒሳቡ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ኮርሴት ወገብን ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ማጥበብ ይበቃል። 8 ብንይዝ 72 የነበረው ሲታሰር 64 ይሆናል። ከጀርባ ገመዱ የሚተላለፍበት ወደ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ መቅረት አለበት፤ ስለዚህ ጨርቁ ራሱ ወገብ ላይ 58 ሳንቲ ሜትር ነው። ከጡት ሥር የጎድን አጥንት ስላለ የሚጠበው 2 ብቻ ነው፤ 77 ሲቀነስ 2 ሲቀነስ 6፣ 69 ይመጣል። ዳሌ ላይ ምንም አይጠብም፤ ክፍቱ ቦታ ብቻ ተቀንሶ 94 ይቆረጣል። ኮርሴት ሠርቶ የማያውቅ ሰፊ ከሁሉም ቦታ እኩል 14 ቀንሶ ይቆርጥልሻል። እንዲህ ከሆነ የታችኛው ጠርዝ ዳሌሽን ቆንጥጦ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ የላይኛው ጎድንሽን ይጫናል፣ መሀሉ ግን እንዳሰብሽው አይጠብም። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው፤ በቃል አትንገሪው።

መጀመሪያ በአቡጀዲ ሙከራ ይሰፋ። አቡጀዲው እንደ መጨረሻው ጨርቅ ሁሉ ማጠንከሪያ ዘንግና ገመድ ገብቶበት ነው የሚለካው፤ በስፒል ብቻ ተያይዞ የሚለካ ሙከራ ምንም አይነግርሽም። ለብሰሽ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በዪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ አሥር ደቂቃ ቆዪበት። የሚወጋሽንና የሚላላውን በጠመኔ እዚያው ላይ ምልክት አድርጊበት።

ጨርቁ ሁለት ድርብ ነው። ጉልበት የሚሸከመው የውስጡ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ኩቲል የሚባል፣ የዓሣ አጥንት የመሰለ ጥልፍልፍ ያለው ድርቅ ያለ ጥጥ ይሸጣል። እዚህ በምትኩ ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ የጥጥ ካኪ ይሠራል። ስትገዢ በወርዱም በቁመቱም ጎትቺው፤ ትንሽም ቢሆን ከተለጠጠ ላስቲክ አለበትና ተዪው። ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ በካውያ ይተኮስ፤ ካልሆነ በኋላ ይሰበሰብብሻል። ለላይኛው ከፋይ ወይም ሳቲን ያምራል። አንድ አንድ ሜትር ከሁለቱም፣ ለገበር ሦስት አራተኛ ሜትር ይበቃል። ከሽሮ ሜዳ የሚገዛ በእጅ የተሸመነ ጥለትም ለጌጥ ግሩም ነው፤ ሽመናው ልል ስለሆነ ግን ለብቻው ጉልበት አይሸከምም። ካኪው ላይ ተደርቦ፣ ዙሪያውን ተሸልሎ ነው የሚሰፋው።

በአንድ ጎን ስድስት ቁራጭ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ይሁን። የስፌት ትርፉ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ የስፌቱ ርምጃ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ መርፌው 90 ወይም 100 ቁጥር፣ ክሩ ፖሊስተር። ከውስጥ ወገቡ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማይለጠጥ ሪባን ከፊት እስከ ኋላ ይለፍ። ይህ ሪባን ቢረሳ በጥቂት ወር ውስጥ ወገቡ ላይ ያለው ስፌት እየሳሳ ይተረተራል።

ማጠንከሪያው የብረት ዘንግ ነው፤ ሁለት ዓይነት አለው። ጠፍጣፋው በአንድ በኩል ብቻ ይተጣጠፋል፤ ከጀርባ ከገመዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ይገባል፣ አራት ፍሬ። ጥምዝምዙ በሁሉም በኩል ስለሚታጠፍ በክብ ስፌቶቹ ላይ ይገባል፣ በየጎኑ አምስት፣ ድምሩ አሥር። ሁለቱንም፣ ከፊት የሚዘጋውን የብረት መዝጊያም ጨምሮ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ያምጣልሽ፤ መርካቶ አገኛለሁ ብለሽ አትተማመኚ። ጊዜው ካጠረ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ወፍራሙን፣ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ ግዢ። ጭንቅላቱን ቁረጪ፣ ጫፉን በእሳት አለስልሺና ሞርጂው። ለሁለት ለሦስት ዓመት የመድረክ ሥራ ይበቃል። የካርቶን ማሰሪያ ቆርቆሮ ግን በጭራሽ አይግባ፤ ዝገቱ በላብ ጊዜ ሳቲኑን ያቀልማል፣ ጠርዙ ጨርቁን እየበላ ይወጣል። ዘንጉ ከሰርጡ በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ማጠር አለበት። እኩል ከሆነ በአንድ ምሽት ጠርዙን ይበሳል።

የገመዱን ቀዳዳ ቀለበት ከቦርሳና ከሸራ ሠሪዎች ታገኚያለሽ። ሁለት ክፍል ያለውን፣ ከኋላው ክብ ማስደገፊያ የሚገባበትን፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ምረጪ። በየ2 ሳንቲ ሜትር ይተከላል። ቀዳዳው በመቀስ አይቆረጥም፤ በወስፌ ክሩ እየተገፋ ይከፈታል። የተቆረጠ ክር ቀለበቱን አይዝም፣ ገመዱ ሲጠብቅ ተነቅሎ ይመጣል። ገመዱ 6 ሜትር ይሁን።

አሁን ዋናው። ከፊት የሚዘጋው የብረት መዝጊያ፣ ኮርሴቱ እንደተወጠረ አይከፈትም። ጀማሪዎች መድረክ ላይ የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ ሙዚቃው ይሄዳል፣ ጣታቸው ይታገላል። ከመውጣትሽ በፊት ገመዱን ከጀርባ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አላሊው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ወደ መሀል ገፋ ስታደርጊው አንዱ ከሌላው ይለያል። ይህን ቤትሽ ሠላሳ ጊዜ ሳትሠሪው መድረክ አታውጪው።

ከሰሚት

የወንድማችን ሒሳብ ልክ ነው። እኔ ወደ ጡት ማስያዣው ልሂድ።

94 ሲቀነስ 77 ማለት 17 ነው። በአውሮፓ ቁጥር ዙሪያው 75፣ ጽዋው (ጡት የሚገባበት ክፍል) ሲ ይሆናል። 75 ሲ ካጣሽ 80 ቢ ወይም 70 ዲ ተመሳሳይ ጽዋ አላቸው፤ ዙሪያው ብቻ ነው የሚለየው። ለመድረክ ጠበቅ ያለውን ምረጪ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ማንገቻው ሳይሆን ዙሪያው ነው።

የመርካቶን ነገር በተመለከተ፣ ከሱቅ ይልቅ ሳልባጅ ተራ ሂጂ። አሮጌ ጡት ማስያዣ ስትገዢ የምትገዢው ጨርቁን አይደለም። ከጽዋው ሥር ያለውን ሽቦ፣ የጀርባ መንጠቆውን፣ የማንገቻ ቀለበቱንና ማሳጠሪያውን ነው። ሽቦው በሁለቱም ጫፍ ፕላስቲክ ቆብ ሊኖረው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም አንዱ ጫፍ ሳይነሳ ሊቀመጥ ይገባል። ከሰውነትሽ ጋር ስታስተያዪው የጡትሽን ሥር ተከትሎ በብብትሽ አቅጣጫ ያበቃል፤ ጡት ላይ የሚወጣ ከሆነ ትንሽ ነው። የሆድ መያዣ ጠባብ ልብስም ካገኘሽ ግዢ። ያ ጠንከር ያለ የሚለጠጥ መረብ ለጀርባ ክንፉ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለ ነው። የስቶኪንግ መቆንጠጫም የብረት ከሆነ አትለፊው፤ ፕላስቲኩ ስትንበረከኪ ይፈነጠራል።

የስፌት ማሽኑን አስቀድመሽ ጠይቂ። በየሰፈራችን ያለው የእግር ሲንጀር ቀጥታ ብቻ ነው የሚሰፋው። ላስቲክ በቀጥታ ስፌት ከተሰፋ ሲወጠር ክሩ ይበጠሳል። ዚግዛግ ያለው ሰፊ ፈልጊ፤ መብራት የሚሄድበት ሰፈር ስለሆነ ቀጠሮሽንም ሰፋ አድርገሽ ያዢ። ኮርሴቱ ግን በእግር ማሽን ጥሩ ይሰፋል። መርፌው ለሚለጠጥ ጨርቅ የሆነ፣ ጫፉ ድብልብል ያለ፣ 75 ቁጥር ይሁን። ስፌት እየዘለለ ካስቸገረ ሰፊው ውጥረቱን ከመነካካቱ በፊት መርፌውን ይቀይር፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመርፌው ነው።

ጽዋውን ከዳንቴል ስታሠሪ ከውስጡ የማይለጠጥ ስስ ቱል (መረብ መሰል ጨርቅ) ይደረብበት። ብቻውን የተሰፋ ዳንቴል በሦስተኛው መልበስ ይረግባል። በሁለቱ ጽዋዎች መካከል ያለው ቁራጭና የጽዋው መቀመጫ ምንም መለጠጥ የለባቸውም፤ ሁለት ድርብ ቱል በተቃራኒ አቅጣጫ ተቆርጦ ይግባ። የሽቦው ሰርጥ ከሽቦው በጠቅላላው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርዘም፤ ካልሆነ ሽቦው በስቶ ይወጣል። የታችኛው ላስቲክ ከጨርቁ አሥር በመቶ ያህል ያጠረ ሆኖ እየተለጠጠ ይሰፋል። ብዙ ከተለጠጠ ጠርዙ ይሸበሸባል፣ ካልተለጠጠ ደግሞ እጅሽን ስታነሺ ዙሪያው አብሮ ይነሳል።

ለመድረክ ሦስት ለውጥ አለ። የጀርባውን ሦስት ረድፍ መንጠቆ አስነቅለሽ በሁለት ትልልቅ የሱሪ መንጠቆ አስተኪው፤ በላብ በረጠበ ጣት ትንሹ መንጠቆ አይገኝም። ማንገቻዎቹ ከፊት በኩል በመንጠቆ ይፈቱ፣ አንድ በአንድ እንዲወርዱ። ፓንቱ በሁለቱም ጎን የሚፈታ ይሁን፤ ከሥሩም ሁለተኛ፣ አጥብቆ የተሰፋ ፓንት ይኑር። ለመልበስ ስትዘጋጂ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አትርሺ፦ መጀመሪያ የስቶኪንግ ማያዣው ቀበቶ፣ ከዚያ ስቶኪንጉ፣ መጨረሻ ፓንቱ ከማያዣው ላይ። የቤት ልማድ ሌላ ነው። መድረክ ላይ ግን ፓንቱ ከሥር ከሆነ ቀበቶው ሳይወልቅ እሱ አይወልቅም።

ማያዣው ስድስት ማንጠልጠያ ይኑረው። አራቱ ለፎቶ ይበቃሉ፤ ስትሄጂና ስትንበረከኪ ግን የኋላው ይጎትታል፣ ስቶኪንጉ ይዞራል፣ የኋላው መስመር ይጣመማል።

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ከለገጣፎ፣ የኮርሴቱን ቁጥር እንዳለ ገልብጬዋለሁ። የጓንቱንና የስቶኪንጉን ነገርም ንገሩኝ። በርሊን ያላችሁ ደግሞ፣ የት ነው የሚጀመረው? በተማሪ ቪዛ ክፍያ መቀበልስ ይቻላል?

ከበርሊን

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን ልመልስ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ይፈቅዳል። የመድረክ ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ቅጥር አይደለም፤ በራስሽ ስም ደረሰኝ ቆርጠሽ የምትቀበይው ነው። ለዚህ ከውጭ ዜጎች ቢሮ ለብቻው ፈቃድ መጠየቅ አለብሽ። ፈቃዱ እስኪመጣ ያለ ክፍያ በተማሪዎች ምሽት መውጣት ትችያለሽ። ትንሽ ገንዘብ ነው ብለሽ ያለ ፈቃድ አትቀበይ፤ ቪዛ ሲታደስ የባንክ መግለጫ ይታያል።

ወደ ሙያው መግቢያው ትምህርት ቤት ነው። የጀማሪ ኮርስ ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰጣል፤ አረማመድ፣ የጓንት አወላለቅ፣ የስቶኪንግ አወላለቅ፣ ከተመልካች ጋር ዓይን ለዓይን መገናኘት ይማሩበታል። ኮርሱ ሲያልቅ የተማሪዎች ምሽት ይኖራል። ከዚያ ለአዲስ ገቢዎች የተዘጋጁ ምሽቶች አሉ፤ ማመልከቻ የሚላከው ለእነሱ ነው። በማመልከቻው ውስጥ ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ሁለት ጥሩ ፎቶ፣ ከመቶ ቃል ያልበለጠ መግለጫ፣ የሙዚቃው ርዝመት፣ የመብራት ፍላጎትና ወለሉ ላይ የሚቀር ነገር ካለ እሱ ይገለጻል። ብልጭልጭ ዱቄት ወይም ላባ የሚበተን ከሆነ አስቀድመሽ ካልነገርሽ አይጠሩሽም፤ ከአንቺ ቀጥላ የምትወጣዋን ሊያንሸራትታት ይችላል።

ትርኢቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ለመጀመሪያው 3 ደቂቃ ተኩል በቂ ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ አራት ነገር ብቻ አውልቂ፤ ጓንት፣ ቀሚስ፣ ስቶኪንግ፣ ጡት ማስያዣ። ሰባት ነገር ለብሶ የወጣ ጀማሪ ሙዚቃውን እየተከተለ ሳይሆን መንጠቆ እየፈለገ ያልቅበታል። የወለቀውን የሚሰበስብ ሰው ዝግጅቱ ራሱ ያቀርባል፤ ምን የት እንደሚወድቅ፣ የትኛው ልብስ ተሰባሪ ፈርጥ እንዳለበት ከመጀመሩ በፊት ንገሪው። እኔ የምለው፣ ለዚህ ሰው ቆመው የማይናገሩ ሠሪዎች ለልብሳቸውም አያስቡም።

ስም መምረጥ ላይ ፈጠን አትበይ። ሌላ ሰው የያዘውን ስም መውሰድ፣ የሌላውን ትርኢት ሐሳብ መቅዳት በዚህ ሙያ ትልቅ ነውር ነው። ፎቶንም በተመለከተ፣ አገር ቤት ቤተሰብ ያለው ሰው ማን ፎቶ እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚለጠፍ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ። አዘጋጆች ይህን ጥያቄ ለምደውታል፤ አትፈሪ። በመድረክ ስምሽ ብቻ መጠራት መብትሽ ነው። ሌላው፣ ከመሄድሽ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በሕዝብ ፊት ልለማመድ አትበይ። የወንጀል ሕጉ በአደባባይ ለሚፈጸም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ ድርጊት ቅጣት አለው። በርሽን ዘግተሽ፣ መስታወት ፊት ተለማመጂ።

ታሪኩንም ትንሽ እወቂ፤ አስተማሪዎች ይጠይቁሻል። ቃሉ ከጣልያንኛ ቡርላ፣ ቀልድ ከሚለው የመጣ ነው። መልኩ የተለወጠው ሊዲያ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ሴቶች ቡድኗን ይዛ ኒው ዮርክ ስትገባ ነው። ሳሊ ራንድ በ1933 በቺካጎ የዓለም ትርዒት ላይ በሁለት የሰጎን ላባ ማራገቢያ ጨፈረች፤ ዛሬም የማራገቢያ ጭፈራ የሚማር ሰው የሚጀምረው ከእሷ ነው። ኒው ዮርክ በ1937 የቡርሌስክ ቤቶችን ዘጋች። ጥቁር ሴቶች በዚህ ሙያ እንግዳ አይደሉም። ጆሴፊን ቤከር በ1925 ፓሪስን ካስደነቀች በኋላ እዚህ በርሊን ኩርፉርስተንዳም ላይ በነበረው ኔልሰን ቴአትር ሠርታለች። የዲትሮይቷ ቶኒ ኤሊንግ የመድረክ ስሟን ያወጣችው ከጃዝ ሙዚቀኛው ከዱክ ኤሊንግተን ስም ነው። ዛሬ ደግሞ ፔርል ኑዋር አለች። መግቢያ በር ላይ ቆመሽ ለእኔ ቦታ አለ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂ ነው ይህን የምነግርሽ።

ከቶሮንቶ

ጓንት፦ ከክርን በላይ የሚደርስ፣ የሚለጠጥ ሳቲን። የጣቶቹ ጫፍ ከጣትሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ የምትጎትቺው ያንን ነው። ከትንሿ ጣት ጀምረሽ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ ሳብ አድርጊ፣ አውራ ጣት መጨረሻ። አንዱን ጣት እስከ መጨረሻ ጎትተሽ ወደ ሌላው ከሄድሽ ጓንቱ ይገለበጥና መዳፍሽ ላይ ይያዛል። ቀለበት አድርገሽ አትውጪ፣ ከመልበስሽ በፊት እጅሽ ላይ ዱቄት ነስንሺ፣ ሎሽን አትቀቢ።

የጡት ጫፍ መሸፈኛውን ራስሽ ትሠሪያለሽ። ከደረቅ ፌልት ወይም ከስስ ቆዳ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጪ። ከጠርዝ እስከ መሀል አንድ መስመር ቅደጂ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ደራርበሽ ስፊው፤ ሾጣጣ ይሆናል። ላዩን በጨሌ ወይም በፈርጥ ሸፍኚ። ዘርፍ የሚንጠለጠልበት ከሆነ ክሩን በቀጥታ አትስፊ፤ ከዓሣ ማጥመጃ ሱቅ የምትዞር ትንሽ የብረት መጋጠሚያ ገዝተሽ ጫፉ ላይ ስፊ። ያለ እሷ ዘርፉ ይጠመዘዝና ይቆማል። ዘርፉ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ዶቃ። ልክ ጫፉ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ከወረደ አይዞርም፣ ይወዛወዛል ብቻ።

የዘርፉን አዟዟር በተመለከተ እስክስታ የምትችዪ ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄደሻል፤ ትከሻን ለየብቻ ማዘዝ ትችያለሽና። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። እስክስታ ትከሻውን ይወረውራል፤ ዘርፍ የሚዞረው ግን በትንሽ፣ እኩል፣ በማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ነው። ሲወረወር ክቡ ይበላሻል። ሌላው ዘዴ ጉልበትን ለስለስ አድርጎ ተረከዝን እያነሱ መንጠር ነው፤ ሁለቱ ዘርፎች አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይነሳሉ። ሙዚቃ ስትመርጪም አስቢበት። የጭክጭካ ምት በስድስት ነው የሚቆጠረው፤ የምትማሪባቸው ርምጃዎች ግን አብዛኞቹ በስምንት የተቆጠሩ ናቸው። የሙላቱ አስታጥቄን የመሰለ ኢትዮ ጃዝ ከመረጥሽ ርምጃውን እንደገና ከፍለሽ አስቀምጪው፤ በስምንት የተማርሽውን በላዩ ላይ ብትጭኚው ማውለቂያው ሁልጊዜ ከምቱ በኋላ ይመጣል።

ለማጣበቅ በሁለት በኩል የሚይዝ የዊግ ቴፕ በቂ ነው። በጣም የሚያልብሽ ከሆነ የተዋናዮች የፊት ሙጫ አለ። የትኛውንም ከመጠቀምሽ በፊት ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ 24 ሰዓት ጠብቂ። ቆዳው በሳሙና ታጥቦ የደረቀ፣ ቅባት ያልነካው ይሁን። ስታነሺው አትላጪው፤ የወይራ ወይም የኑግ ዘይት ጠርዙ ላይ አድርገሽ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ራሱ ይለቃል። ሙጫው እሳት የሚይዝ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በሻንጣ አትጫኚው፤ እዚያው ግዢ።

ፈርጥ የምትለጥፊ ከሆነ ኤስኤስ 20 የሚባለው፣ 4.7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ከሩቅ ጥሩ ያበራል። በየ6 ሚሊ ሜትር ብትደረድሪው 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ቦታ 280 ያህል ይበላል። የሚሸጠው በ144 ፍሬ ስለሆነ ሁለት እሽግ ማለት ነው። ሙሉ ጡት ማስያዣ ከመሸፈን ይልቅ የጽዋውን የላይኛ ጠርዝና መሀሉን ብቻ አድርጊ፤ መብራት የሚይዘው እዚያ ነው። የስዋሮቭስኪ ፈርጥ ለሠሪዎች በችርቻሮ መሸጡ ስለቀረ የቼኩ ፕሬሲዮሳ ይጠቅምሻል። ላስቲክ ባለበት ቦታ በሙጫ አይለጠፍ፤ ሲለጠጥ ይረግፋል፣ እዚያ በክር ይሰፋ። ኢ6000 የሚባለውን ሙጫ ከተጠቀምሽ መስኮት ከፍተሽ ሥሪ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ እስከ ሦስት ቀን ልብሱን አትንኪው።

ከሰሚት

ስቶኪንጉን ልጨምር፤ እሱን እዚህ አታሰፊ፣ እዚያ ግዢ። ሁለት ዓይነት ነው። የሚለጠጠውና የማይለጠጠው፣ በጠፍጣፋው ተሠርቶ ከኋላ የተሰፋው። የማይለጠጠው ነው ያ እውነተኛ የኋላ መስመርና ከላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለው። ሲወልቅ እንደ ጭስ ይወርዳል፤ የሚለጠጠው ግን ወደ ቁርጭምጭሚት ይሰበሰባል። የማይለጠጠው የሚገዛው በእግር ቁጥርና በእግር ርዝመት ነው፤ ቁጥሩ ካነሰ ጉልበት ላይ ይቀደዳል። 15 ዴኒየር (የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው) ለመጀመሪያ ይበቃል። ስትለብሺ የጥጥ ጓንት አድርጊ፣ ጥፍርሽንም ሞርጂ። መቆንጠጫው ከላይ ያለውን ድርብ ክፍል ብቻ ይያዝ፤ ስሱን ከያዘ ክሩ እንደ መሰላል እየተተረተረ ይወርዳል።

ልብስ ሰፊው፣ ከለገጣፎ

ስለ ጊዜው። አራት ወር አለሽ ብለሽ አትዝናኚ። ዘንጉና መዝጊያው ከውጭ እስኪመጣ አንድ ወር ያዢ። አቡጀዲው ተሰፍቶ፣ ተለክቶ፣ ታርሞ ሁለት ሳምንት። ኮርሴቱ ራሱ ጥሩ ሰፊ ካለ አሥር ቀን። ካለቀ በኋላ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ላላ አድርገሽ ልበሽው፤ ጨርቁ የአንቺን ቅርጽ ይይዛል፣ ስፌት የሚለቅበት ካለም ልብስ ሰፊው ቅርብ ሳለ ይታያል። በርሊን ከደረሽ በኋላ የሚያርምልሽ ሰው ስትፈልጊ የምትከፍዪው ዋጋ ከመሥሪያው ይበልጣል።

ቆራጩንም ጠይቂ፤ የቁራጮቹን ንድፍ ካርቶን ላይ አስቀርተሽ ውሰጂው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቀለም ስትፈልጊ ከዜሮ አትጀምሪም። ኮርሴቱን ለመጓዝ በርዝመቱ ጠቅልዪው እንጂ ወገቡ ላይ አታጥፊው፤ የታጠፈ ብረት አይቃናም። ብረት ስላለበት በእጅ ሻንጣ ይዘሽ ፍተሻ ላይ ከምትቆሚ በትልቁ ሻንጣ ይሂድ።

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

አቡጀዲውን ዛሬ ገዛሁ፤ ሁለት ሜትር። ጋሼ፣ ሰፊው የእግር ማሽን ብቻ ነው ያለው። ኮርሴቱን እሱ ይስፋው፣ ጡት ማስያዣውን ሰሚት ዚግዛግ ያለው ዘንድ ልውሰድ?

ልብስ ሰፊው፣ ከለገጣፎ

አዎ፣ እንደዚያ አድርጊ። ሁለቱን ለአንድ ሰው ለመስጠት ብለሽ የአንዱን ሥራ አታበላሺ። ለእግር ማሽኑ ሰው 100 ቁጥር መርፌ አምስት ፍሬ ገዝተሽ ስጪው፤ ካኪና ከፋይ ተደርቦ መርፌ ይሰብራል፣ ሰፊው ደግሞ የደነዘዘውን ሳይቀይር ሊጨርስ ይችላል።